ማንም አልመረጠውም የተባለው ጠረጴዛ

የአቶ ኢሶጋይ ቶሺኖሪ ነገር የተበላሸው እሑድ ኖቬምበር 15 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በያይዙ ከተማ የሕዝብ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ዜና ሕይወት በልደት እንጂ እንዲህ ባለ ቀን እንደማይጀመር አላጣሁትም፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ታኤኮም ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ «እንደ ወጉ ይሁን» ብለውኛል። ወጉን እጠብቃለሁ። ነገር ግን ስልሳ ዓመት ከሞላኝ ወዲህ ነገር አዙሮ የመናገር አቅሙ ስለሌለኝ ቀኑን አስቀድሜ ጠራሁት፤ አሁን ወደ ልደታቸው እመለሳለሁ።

አቶ ኢሶጋይ ቶሺኖሪ ከአባታቸው ከአቶ ኪዩዞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፉሳ በ1951 በዚሁ በያይዙ ወደብ ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው ደግሞ ከወደቡ ጀርባ በነበሩት ቤቶች ዓሣ ቀቅለው በጢስ የሚያደርቁ ሠራተኛ ስለነበሩ የሕፃኑ ልብስ ዘወትር ጢስ ጢስ ይል ነበርና፣ የክፍል ጓደኞቻቸው ገና ከበር ሲያዩአቸው «ማድቤቱ መጣ!» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ያወሩ ነበር። የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ከፈጸሙ በኋላ የራዲዮ ቴሌግራፍ ትምህርት ቤት ገብተው በሁለት ዓመት ተመረቁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸውም በቱና አጥማጅ መርከብ ላይ የራዲዮ ሠራተኛ ሆነው ተቀጥረው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሕንድና በአትላንቲክ ውቅያኖሶች ላይ አገለገሉ።

የራዲዮ ሠራተኛ በመርከብ ላይ ከሁሉ በፊት የሚሰማ ሰው ነው። በ1974 የአንድ ወጣት መርከበኛ አባት ማረፋቸውን የሚገልጽ ቴሌግራም ደረሳቸው፤ ካፒቴኑም «ልጁ ከሰማ እጁ ይዝላል፤ ጭነቱ እስኪሞላ ቴሌግራሙን ያዘው» ብለው አዘዙ። አርባ አንድ ቀን ያዙት። ልጁ በየማለዳው አንገቱን በበሩ አስግጎ በአክብሮት «ኢሶጋይ ሳን፣ ከቤት ምንም የለም?» ሲላቸው «ዛሬም የለም» ይሉት ነበር። ይህን ለእኔ በጸጸት የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የእርሳቸውን ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ ነገር ግን አላውቅም።

በ1978 ከወይዘሮ ታኤኮ ጋር ተጋብተው በ1981 ልጃቸውን ቺጉሳን ወለዱ። በዓመት ከአርባ ቀን የበለጠ ቤታቸው አያድሩም ነበርና፣ ወይዘሮ ታኤኮ ትናንት በአስከሬኑ አጠገብ ተቀምጠን ሳለ «እኔ ያገባሁት ባል አልነበረም፣ እንግዳ ነው፤ ጥሩ እንግዳ ግን፣ የበላበትን ሳህን ራሱ የሚያጥብ» ብለው አስቀውናል።

ከቤተ ዘመድ መካከል የሕይወታቸውን ግማሽ የወሰደውን ጨዋታ የማታውቁት ስላላችሁ በአጭሩ ልናገር። አራት ወይም አምስት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ፤ አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ከኮከብ ወደ ኮከብ የምትጓዝ የአንዲት መርከብ ሠራተኞች ይሆናሉ፤ መሪው የደረሰባቸውን ይተርካል፣ እነርሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ አጠራጣሪውን ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ጥለው ይወስናሉ። አሸናፊም ተሸናፊም የለም፤ ታሪኩ ብቻ ይቀጥላል። አቶ ኢሶጋይ እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩን ከአንድ የውጭ አገር መርከበኛ ሰምተው የራሳቸውን ፈጠሩ፤ በሥራ ፈት ሰዓታቸው፣ ቀናቸው ባለፈ የአየር ጠባይ ካርታዎች ጀርባ ላይ ጻፉት። «ዘጠነኛው ምሕዋር» ብለው የሰየሙት ይህ ሥራ ባለ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ መጽሐፍ ሆኖ በ1988 ቶኪዮ ታተመ። ከሌሎች የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው፤ ተጫዋቹ ወደ ቤቱ መልእክት ሲልክ ጽፎ በፖስታ ያሽገዋል፣ መልሱም በመሪው እጅ ተጽፎ የሚደርሰው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው፤ መልሱ ክፉ ቢሆን እንኳ መሪው ሊያስቀረው አይፈቀድለትም።

እኔ ነጊሺ ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ ነበርኩ። በመጽሐፉ ሠንጠረዥ ላይ የምሕዋር ስሌት ስሕተት አግኝቼ ትዕቢት የተሞላ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ከላስ ፓልማስ ወደብ የደረሰኝ መልስ «ልክ ነህ። ስመለስ ና፣ አብረን እናርመው» የሚል ብቻ ነበር። ሄድኩ፤ ሃያ አንድ ዓመትም አብሬያቸው ቆየሁ። በ1990 አቶ ኢሶጋይ፣ አቶ ሃባራ እና እኔ የከተማውን የጠረጴዛ ጨዋታ ማኅበር መሠረትን፤ አቶ ሃባራም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሊቀመንበር ናቸው።

በ1996 ሳተላይት የራዲዮ ሠራተኛን ቦታ ሲወስድ አቶ ኢሶጋይ ከመርከብ ወርደው በወደቡ የበረዶ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ቅሬታ አላሰሙም። ጠረጴዛቸውም እንደ ሙያቸው እየመነመነ ሄደ፤ አንዱ ተጫዋች ወደ ናጎያ ተዛወረ፣ አንዱ ዓይኑ ደከመ፣ አንዱ ሞተ፤ በ2006 ከቀሪዎቹ በዕድሜ ትንሹ እኔ ነበርኩ፣ የአርባ ሁለት ዓመት ሰው።

የማኅበራችን ልማድ እንዲህ ነው። በወርኃዊው ስብሰባ መሪዎች በየተራ ተነሥተው እያንዳንዳቸው በአንድ ደቂቃ ጨዋታቸውን ያስተዋውቃሉ፤ የመጣው ሰው ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫውን ይጽፋል፤ ወረቀቶቹ በሳጥን ተሰብስበው ወደ ጎን ክፍል ይገባሉ፣ ሊቀመንበሩም ለብቻቸው ደልድለው ይወጣሉ። ሦስት ሰው ያላገኘ ጠረጴዛ «ፈረሰ» ይባላል፤ መሪውም ፈገግ ብሎ፣ መጽሐፉን ወደ ቦርሳው መልሶ፣ ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ ሄዶ «ቦታ ካላችሁ» ብሎ መቀመጥ አለበት። ፊት ማጥቆር ነውር ነው። አቶ ኢሶጋይ በሦስት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ፈገግ አሉ። እኔ ሁልጊዜ እርሳቸውን እመርጥ ነበር፤ የአንድ ሰው ወረቀት ግን ጠረጴዛ አያቆምም።

በ2009 በሴፕቴምበር፣ ወጣት ካላመጣን ጨዋታው ከእኛ ጋር እንደሚቀበር ነገርኳቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ገጽ ወደ ስምንት አሳጠርኩ፤ የነዳጅ ስሌቱን አወጣሁ፤ የፖስታውን ደንብ ልሰርዝ ስል ግን ተጣላን። «የዛሬ ልጅ እኮ መልስ ሁለት ደቂቃ ሲዘገይበት ስልኩን ሊሰብር ይደርሳል፤ አንድ ወር ጠብቅ ሊሉት ነው?» አልኳቸው። «ታዲያ የሚጠብቀው ነገር ማን ሰጥቶት ያውቃል?» አሉኝ። እኔም በአባላት ፊት፣ አቶ ሃባራ ቆመው እየሰሙ፣ «እንዲህ ከሆነስ ባይጫወቷት ይሻላል!» ብዬ ወጣሁ። ቃሉ የእኔ ነው፤ አልክድም።

በማግስቱ ተመለስኩ፤ ሁለታችንም ጠቡን አላነሳነውም። በከተማው ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ፣ አስተማሪዋ ፈቅደውልን፣ ሦስት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሄድን። በመጀመሪያው ረቡዕ አቶ ኢሶጋይ ስለ ነዳጅ አንድ ሰዓት ተናገሩና ከመጡት ሰባት ሴት ተማሪዎች ሦስቱ አንቀላፉ። በሁለተኛው የመጡት አራት ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ፣ ኡራቤ ሺዮሪ የምትባለው፣ የመርከቧን ንድፍ ስታገላብጥ ቆይታ «ጋሼ፣ በዚህች መርከብ ላይ ሰው ሽንት ቤት አይሄድም እንዴ?» አለቻቸው። ጓደኞቿ «ኧረ ሺዮሪ፣ ተይ!» እያሉ ተንከተከቱ። አቶ ኢሶጋይ ፊታቸው ቀላ፤ ሃያ ስድስት ዓመት በመርከብ የኖሩ ሰው ረስተውት ነበር፣ መጽሐፉ ከታተመ ጀምሮም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። በሦስተኛው ረቡዕ ሽንት ቤቱን ስለው መጡ፤ ከሞተሩ ክፍል ጀርባ፣ በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት። ያን ዕለት ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት ግን እኔ ልሰርዘው የነበረውን ፖስታ ነበር። አንዷ የሌላዋን እንዳታይ በክንዳቸው ከልለው መልእክታቸውን ጻፉና አሸጉ። «መልሱስ መቼ ነው?» ቢሏቸው «በኖቬምበር ሦስተኛው እሑድ፣ በሕዝብ አዳራሽ፣ ጠረጴዛዬ ላይ» አሉ። «ኡ! እስከዚያ ልናብድ ነው!» ብለው ጮኹ። አቶ ኢሶጋይ በመመለሻችን ጣቢያው ጋ ስንለያይ «ተሳስተህ ነበር» አሉኝ። ተሳስቼ ነበር።

በዚያ እሑድ አራቱም የትምህርት ቤት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። አቶ ኢሶጋይ አራቱን መልሶች ጽፈው በውስጥ ኪሳቸው ይዘዋል። በተሰጣቸው ደቂቃ የተናገሩት «ጠረጴዛዬ ላይ ደብዳቤ የሚጠብቃቸው ሰዎች አሉ» የሚል ብቻ ነበር። እኔ ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጬ ስለነበር አራቱም በአንደኛ ምርጫቸው ላይ «ዘጠነኛው ምሕዋር» ብለው ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእኔ ሲጨመር አምስት ወረቀት ነው። ሳጥኑን ተሸክሜ እስከ ጎን ክፍሉ በር አደረስኩ፤ አቶ ሃባራ ተቀብለውኝ በሩን ዘጉ። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ወጥተው ድልድሉን አነበቡ። «ዘጠነኛው ምሕዋር፣ መራጭ የለውም፤ ፈርሷል። ኢሶጋይ ሳን፣ አይዞዎት፣ ወደኔ ይምጡ፣ ወንበር አይጠፋም» አሉ። አራቱ ልጆች የተደለደሉት በአቶ ሃባራ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ በሥዕል ያጌጠ አዲስ ጨዋታ ነበራቸው።

መልእክት መያዝን ከምንም በላይ ለሚጠሉት ሰው «መራጭ የለውም» ማለት ልጆቹ ተዉአቸው ማለት ብቻ አልነበረም፤ እኔ ነጊሺም የእርሳቸውን ጨዋታ ሳልጽፍ ቀረሁ ማለት ነበር። ልጆቹ በበኩላቸው፣ መምረጣቸውን እያወቁ «ፈርሷል» ሲባል፣ መሪው ራሳቸው አልፈልግም ያሉ መሰላቸው። በእኛ ዘንድ እንግዳ የአዳራሹን ደንብ አይጠይቅም፣ መሪም «ለምን አልመረጣችሁኝም?» አይልም። ልጆቹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧቸው፣ እርሳቸውም መለሱ። ከዚያ አቶ ኢሶጋይ «ምድጃ ሳላጠፋ የወጣሁ መሰለኝ» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በዚያ ቀን ፈገግ አላሉም።

አቶ ሃባራን በመተላለፊያው አስቁሜ «ሃባራ ሳን፣ ልጆቹ የጻፉት ኢሶጋይን ነው፤ አይቻለሁ። እኔም ጽፌአለሁ» አልኳቸው። «ሳጥኑን ተሸክመህ ያመጣህ አንተ፣ ባይጫወቷት ይሻላል ያልክ አንተ፤ እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አሉኝ። «ወረቀቶቹን ያሳዩኝ።» «ነጊሺ፣ አዳራሹ እንግዳ ሞልቶበታል። አታዋርደን።» የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነበርኩ፣ የተማርኩ ነበርኩ፣ አፍም ነበረኝ፤ ግን ዝም አልኩ።

በሳምንቱ አቶ ኢሶጋይ ደወሉልኝ። «ሳጥኑ በአንተ እጅ ነበር አሉ» አሉኝ። «አዎ፣ በእኔ እጅ ነበር» አልኩ። ቀጥለው «ነካኸው?» እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን «በል ደህና ሁን» ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ አቶ ኢሶጋይ በአደባባይ ጠረጴዛ መርተው አያውቁም። በበረዶ ፋብሪካው እስከ ጡረታቸው ሠሩ፣ ከዚያም የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ያደርሱና ይመልሱ ነበር። የእኔም ስም ከማኅበሩ መዝገብ ያለ ቃለ ጉባኤ ወጣ። እርሳቸውና እኔ መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደማንኛውም ጎረቤት አንገታችንን ሰበር አድርገን እንተላለፍ ነበር። ልጆቹ በአቶ ሃባራ ጠረጴዛ ጥቂት ወራት ቆይተው ጓደኞቻቸውን አመጡ፤ እነርሱ ሲሄዱ ጓደኞቻቸው ቀሩ፣ ማኅበሩም ታደሰ። በ2020 የታተመው የሠላሳ ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ገጽ አሥራ ሁለት ላይ «የመጀመሪያዎቹን ወጣት አባላት ያፈሩት ሊቀመንበር ሃባራ ናቸው» ይላል። ሦስቱ ረቡዖች የትም አልተጻፉም።

አቶ ኢሶጋይ በዚህ ዓመት በፌብሩዋሪ የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸው፤ በጁንም ሆስፒታል ተኙ። መዋጥ ስለከበዳቸው የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ምን መብላት እንደሚችሉ ልትጠይቃቸው መጣች። ስማቸውን ከወረቀቱ ላይ አንብባ «የዘጠነኛው ምሕዋር ኢሶጋይ ሳን ነዎት?» አለቻቸው። «ነበርኩ» አሏት። ሺዮሪ ነበረች። «ያኔ እኮ አልፈለጉንም» ስትላቸው «ያልመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ እንጂ» አሏት። «እንዴ! አራታችንም እርስዎን ነው የጻፍነው!» በማግስቱ ወይዘሮ ታኤኮ ያልተከፈቱትን የመልስ ፖስታዎች ከቤት ይዘው መጡ። የሺዮሪ መልእክት «እማዬ፣ ሽንት ቤት አለ፤ አታስቢ» የሚል ነበር፤ የአቶ ኢሶጋይ መልስ ደግሞ «ልጄ፣ እፎይ አልኩ። በሩ ግን ከውስጥ ይቆለፋል?» ይላል። የሠላሳ አንድ ዓመቷ ሴት የምግቡን ዝርዝር እንደያዘች እየሳቀች ማልቀሷን ወይዘሮ ታኤኮ ነግረውኛል።

ከዚያ አቶ ኢሶጋይ እኔን አስጠሩኝ። «ሳጥኑን አልነካኸውም» አሉኝ፤ ጥያቄ አልነበረም። «አልነካሁትም።» «ታዲያ ያኔ ለምን አልጮህክም?» «ይጠይቁኛል ብዬ።» «እኔ ደግሞ ትነግረኛለህ ብዬ።» ትራሳቸውን አስተካክዬ ባቡር ልይዝ ወጣሁ።

በኦገስት አቶ ሃባራ ፒር የሚባል ፍሬ ይዘው አቶ ኢሶጋይን ጠየቋቸው። ወይዘሮ ታኤኮ ፍሬውን እየላጡ ሳለ አቶ ኢሶጋይ «ሃባራ ሳን፣ ያን ዕለት ጠረጴዛዬን ማን አፈረሰው?» አሉ። አቶ ሃባራ «የስንት ዘመን ነገር፣ ኢሶጋይ ሳን! ማን ያስታውሳል?» ብለው ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ አንድ ቁራጭ ቀምሰውም አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ተነሡ። በሩ ሲዘጋ አቶ ኢሶጋይ «አየሽ ታኤኮ፣ እርሱም አርጅቷል» አሉ። እርሳቸው እንዲህ ነበሩ። እኔ ያን ያህል ቸር አይደለሁም።

በሴፕቴምበር በሆስፒታሉ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ሺዮሪ፣ የሃያ ሦስት ዓመቱ የሥራ ባልደረባዋ ኩጌ፣ ቺጉሳ እና እኔ ከበናቸው አቶ ኢሶጋይ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ጨዋታውን መሩልን። ድምፃቸው ሲጠፋ ይጽፉ ነበር። ኩጌ ዳይሱን በጣለ ቁጥር «ጋሼ፣ ይህን የመሰለ ጨዋታ የት ደብቀውት ነው የኖሩት?» ይላቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን መሐል ላይ ደከማቸውና መርከቧን ባለችበት አቆምናት።

አቶ ኢሶጋይ ቶሺኖሪ ሐሙስ ኦክቶበር 3 ቀን 2024 ንጋት ላይ ባለቤታቸውና ልጃቸው እጃቸውን እንደያዙ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታኤኮን፣ ልጃቸውን ቺጉሳን፣ የልጅ ልጃቸውን ሂናኖን እና ታናሽ እህታቸውን ወይዘሮ ማስዮን ትተው አልፈዋል፤ ዘግይተው የደረሱ ሁለት ተጫዋቾችንም ትተዋል። ብዙ የተንከራተተች ነፍሳቸው ከእንግዲህ የማትነሣበት ወደብ ታግኝ፤ ለቤተ ሰባቸውም መጽናናቱ ይድረሳቸው።

አቶ ሃባራ፣ እርስዎ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለቅሶ የመጣን ሰው በሬሳ ፊት መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነውርን ፈርቼ ዝም ያልኩበት አንድ ረፋድ ግን አሥራ አምስት ዓመት በልቶብናል። ስሜን ይመልሱልኝ አልልም። መጽሔቱም ይታረም አልልም። ሳጥኑ በእኔ እጅ የነበረው እስከ በሩ ድረስ ነው፤ ከበሩ ወዲያ የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አስከሬኑ ሳይነሣ፣ ወይዘሮ ታኤኮ፣ ቺጉሳና ሺዮሪ እየሰሙ ይንገሩን፤ አምስቱን ወረቀቶች ምን አደረጓቸው? ንባቤን ጨርሻለሁ። እስኪመልሱልኝ አልቀመጥም።